የከሰል ሻጩ ጀርመንኛ

ሰኞ፣ ጥር 28

ከአጥራችን ማዶ ሰው በጀርመንኛ አረመኝ። 

በተራ ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ ራሴም አላምነውም። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እንደ ልማዴ ጓሮ ወጥቼ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ እደጋግማለሁ። «ነገ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ማለቴ ነበር፤ «ሞርገን ኢሽ ፋረ ናኽ አዲስ አበባ» አልኩ። ደገምኩት። በሦስተኛው ላይ ከአጥሩ ውጭ አንድ ወፍራም ድምፅ «ሞርገን ፋረ ኢሽ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ። መጀመሪያ የጎረቤት ሬዲዮ መሰለኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ወዳጆ ነው።

ወዳጆ ከሰል የሚያመጣልን፣ በካፋ ከሚገለሉት ከማንጆ ጎሳ የሆነ ሰው ነው። ልጅ ሆኜም ያመጣ ነበር። ከሰሉን ከጓሮ በር ውጭ ያወርዳል፤ እናቴ አጥሩ ላይ በተሰቀለችው ጣሳ ውሃ ትቀዳለታለች፤ ጠጥቶ ይሄዳል። ግቢያችን ገብቶ አያውቅም። ማንጆ የሌላ ሰው ቤት አይገባም፣ ከሌላ ሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም። ቦንጋ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«ጀርመንኛ ታውቃለህ እንዴ?» አልኩት።

«ጥቂት» አለና ባዶ ጆንያውን አጥፎ ሄደ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔው በጥር መጣ። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ሳቀያይር ዋልኩ። የመሬት አቤቱታ የጡረታ ውስጥ ከተትኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 29

እውነቱን እንነጋገር። ፈተናው የካቲት 8 ነው፤ ዘጠኝ ቀን ቀረኝ። ባለቤቴ አድማሱ የደን ትምህርት ሊማር ጀርመን ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ እሱ ዘንድ እንድሄድ ኤምባሲው የጀማሪ ጀርመንኛ ፈተና ማለፊያ ወረቀት ይፈልጋል። ከወደቅኩ ሌላ ተራ እስከ ክረምት የለም። እስከ ክረምት አልችልም። በስልክ ስናወራ የምንለው እያለቀብን ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስለ አየር ጠባይ አወራን። ባልና ሚስት ስለ ዝናብ!

የማውቀው፦ ቁጥር፣ የቤት ዕቃ፣ የምግብ ስም፣ ቀለም፣ ዘመድ። ቃል ሞልቶኛል።

የማላውቀው፦ ዓረፍተ ነገር።

የሚያስደነግጠኝ፦ «ልጃገረድ» የሚለው ቃል ሴትም ወንድም አይደለም፤ ዕቃ ነው። ፀሐይ ሴት፣ ጨረቃ ወንድ። ይሁን፤ ይህንስ በቃሌ እይዘዋለሁ። ግሱ ነው የሚገለኝ። በእኛ ቋንቋ ግስ ጨዋ ነው፤ ሁሉም ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በካፋው ቋንቋ በካፊኖኖም እንደዚያው ነው። የጀርመኑ ግን መሐል ይገባል፣ አንዳንዴ ፊት ይቀድማል፣ አንዳንዴ መጨረሻ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። አራት ወር የጀርመንኛ መማሪያ መጽሐፉን ባገላብጥም ሕጉ አልገባኝም።

በምሳ ሰዓት ገበያ ወርጄ ወዳጆን ፈለግኩት። ከሰል ተራ ጥግ ላይ ቆሟል። ሰው እንዳያየኝ ከሰል የምመርጥ መስዬ የት እንደተማረ ጠየቅኩት። አንዲት ጀርመናዊት የዛፍ ተመራማሪ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት አብሯት ዛፍ ወጥቷል፣ ቅጠል ተሸክሟል። ማታ ማታ ማንበብ አስተምራዋለች። አማርኛ ፊደል አልቆጠረም። የጀርመኑን መጽሐፍ ግን ያነባል! እኔ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ የመንግሥት ሠራተኛ ቆሜ አፌን ያዝኩ።

«አስተምረኝ» አልኩት።

ከሰል መደርደሩን ተወ። «አስተምራለሁ። ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ቤት ውስጥ። አጥር ላይ ቆሜ አላስተምርም።»

ሌላ ነገር አልጠየቀም። «ይህን ያህል አምጪ» ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበር አለኝ።  «እናቴን ልጠይቅ» ብዬ እንደ ሕፃን ሮጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 30

ጠየቅኳት። ሰው የገደልኩ ነው የመሰላት።

«እዚህ ወንበር ላይ?» አለች፤ ወንበሩን በእጇ እየነካች። «አባትሽ የተቀመጠበት?»

«እማዬ፣ መጥፎ ሰው ነው እንዴ?»

«መጥፎ ነው አልወጣኝም። ሃያ ዓመት አንድ ቀን አላጭበረበረኝም። ግን ወግ አለ። ጎረቤት አለ። እኔ ብቻዬን ያሳደግኩሽ ሰው ፊት ቀና ብዬ እንድሄድ ነው።»

እናቴ ክፉ አይደለችም። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም ዛሬ ተቆጥቻታለሁ። ግን ደግሞ ስትከለክለኝ ውስጤ የሆነ ነገር «ተመስገን» አለ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ማየት እኔም ፈርቻለሁ። ይህን ለማንም አልናገርም።

ከሰል ይዞ ሲመጣ «አልሆነም» አልኩት። አልተገረመም። «እንግዲያው አንቺ ነይ» አለ።

ሄድኩ! ለእናቴ «ግምገማ አለብን» አልኳት። ግምገማ ማለቂያ እንደሌለው አገር ያውቃል፤ ማንም አይጠረጥርም። በሺሺንዳ መንገድ ከከተማ ወጥቼ በባጃጅ እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ በእግር። የሳር ቤት ነው፣ ንጹሕ። ግድግዳው ላይ የደረቀ ቅጠል በጋዜጣ ላይ ተለጥፎ ስሙ በላቲን ተጽፎበታል። ደህና ዱካ አቅርቦ «ተቀመጪ» አለኝ፤ ራሱም ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

ሦስት የከሰል ቁራጭ መሬት ላይ ደረደረ። መሐለኛው ትልቅ ነው። «ይሄ ትልቁ ግስ ነው። ቦታው ሁለተኛ ነው። አይነሳም። ሌላው ይቀያየር።» የዳሩን ሁለት ቦታ አለዋወጣቸው፤ ትልቁ አልተነቃነቀም። «‹እኔ› ፊት ልቀመጥ ካለ ይቀመጥ። ‹ነገ› ፊት ከመጣ ‹እኔ› ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ግስ ለማንም አይነሳም።»

አራት ወር ያልገባኝ ነገር በሦስት ከሰል ገባኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ አናደደኝ፤ አራት ወር!

«አንቺ ቃል ብዙ አለሽ» አለኝ። «ቦታ ነው የሌለሽ።»

ከዚያ ሚስቱ ቆጮና ጎመን አቀረበች። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነኝ እንዳልል ምግቡ ጎመን ነው። ሁለቱም አላዩኝም፤ ሆን ብለው ሌላ ሌላ ያያሉ።  ሦስት ጉርሻ በላሁ። ሙሉ መንገዱን ሆዴን ሳዳምጥ መጣሁ። ምንም አልሆንኩም። ጎመኑ ትንሽ ጨው በዝቶበታል፣ ያ ብቻ።

ሐሙስ፣ የካቲት 1

ዛሬም «ግምገማ»።

ዛሬ ያስደነገጠኝ፦ ለሁለት የሚሰበር ግስ አለ። ትልቁን ከሰል ቀጭ አድርጎ ሰበረው። ግማሹ ሁለተኛ ቦታው ላይ ቀረ፣ ግማሹ መጨረሻ ሄደ። «ኢሽ ሩፈ ዲሽ አን።» እደውልልሃለሁ ማለት ነው። ያቺ የመጨረሻዋ «አን» የግሱ ጅራት ናት። እስከ ዛሬ የሌላ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ትመስለኝ ነበር። ለአድማሱ በዚህ ዓይነት ስንት ጊዜ ጅራት የሌለው ግስ ልኬለታለሁ።

ሌላም አለ። ለእርሱ ስናገር በጀርመንኛ «ዚ» እንድለው ያዘዘኝ ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ እርስዎ እንደማለት። «ፈታኙን ‹ዱ› ካልሽው ባለጌ ትባያለሽ፤ እኔ ላይ ተለማመጂ» አለኝ። ስለዚህ በጀርመንኛ እርስዎ እለዋለሁ፣ በአማርኛ አንተ። ዕድሜው ከእናቴ ይበልጣል። ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

ትምህርት ቤት ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሁለት ቀን» አለ። «አግዳሚው ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። መሬት ተቀመጥ አሉኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ።» እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው። ወዲያው «ጻፊ» አለኝ፤ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 3

ትንሽ ድል። ዛሬ አሥር ዓረፍተ ነገር ሰጠኝ፣ ዘጠኙን ልክ አደረግኩ።

«ቫይል» የምትባል ቃል አለች፤ «ምክንያቱም» ማለት ናት። እርሷ ስትመጣ ግሱ ሁለተኛ ቦታውን ለቆ መጨረሻ ይሄዳል። ይህን ሲያሳየኝ ፊቱ በራ። «‹ቫይል› ስትመጣ ግስ አገሩ ይገባል። እንደኛ ይሆናል። እኔ ይሄን ስሰማ ነው ጀርመንኛ የወደድኩት።» እኔም ወደድኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዛሬ አፌ አምልጦኝ «ጋሽ ወዳጆ» አልኩት። ሚስቱ እንጨት እየሰበረች ቀና ብላ አየችኝ። እርሱ የሰማ አይመስልም። ሰምቷል።

አድማሱ ደወለ። ሦስት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በጀርመንኛ አወረድኩበት።  ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። «መሠረት፣ ልትመጪ ነው እኮ» አለኝ። እስከ ዛሬ ያላመነው መሆኑን ያን ጊዜ አወቅኩ።

እሑድ፣ የካቲት 4

ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው። በንዴትም ነው።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ትናንት ከሺሺንዳ ገበያ በሚኒባስ ስትመለስ መንገድ ዳር አየችኝ። ማየት ብቻ አይደለም፣ ወርዳ ሰው ጠይቃለች። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ነገረቻት፤ ቤቱንም፣ ጎመኑንም። ጎመኑን በምን አወቀችው?

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ምሳ አቀረበች። እንደ ሁልጊዜው ወደ መሶቡ ስጠጋ በሌላ ሳህን እንጀራና ወጥ ለብቻዬ አድርጋ ወንበር ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ያንቺ እዚያ ነው» አለች።

ክው አልኩ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ፤ ፊቷን ሳይ ቀልድ አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት ከአንድ መሶብ በልተናል። ታይፎይድ ይዞኝ እንኳ አብራኝ በልታለች። ዛሬ እርሷ መሶቡ ዘንድ ብቻዋን፣ እኔ ሳህኔን ይዤ ብቻዬን። ሁለታችንም አልበላንም።

«ልጅሽ ነኝ እኮ» አልኳት።

«ልጄ ስለሆንሽ ነው» አለች። «እስክትሄጂ ድረስ እንዲህ ነው። ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው እንዲኖረኝ።»

እርሷም ዓይኗ ቀልቷል። ይህን ወግ ሥራዬ ብላ ስትጠብቅ ራሷን ከእኔ መቁረጧን ታውቃለች፤ ግን ሌላ መንገድ አልታያትም። ለእኔም ትናንትና አልታየኝም ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ላለመሄድ አሰብኩ። አራት ቀን ነው የቀረው፣ መጽሐፉን ላንብብ፣ ይበቃኛል አልኩ። ከዚያ «ራስሽን አስተዋውቂ» የሚለውን ለራሴ ሞከርኩ፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ግሱ ጠፋብኝ። ነገ እሄዳለሁ። ግምገማ አለ ብዬ አይደለም፤ «ወዳጆ ቤት ነኝ» ብዬ ነው የምሄደው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ብዬም ሄድኩ፤ ትናንትም ዛሬም።  ሳህኔ እንዳለ ነው።

ዛሬ የመጨረሻው ትምህርት ነበር። ፈታኝ ሆኖ ተቀመጠ፤ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ ከተማ፣ ሥራ፣ ቋንቋ። ከዚያ ስለ እርሱ እንድናገር ጠየቀኝ። «ይህ ወዳጆ ነው። ከሰል ይሸጣል። የዛፍ ስም ያውቃል። ቤቱ ጫካ አጠገብ ነው።» አንድ ስህተት አላገኘብኝም። ሚስቱ ምን እንዳልኩ ጠየቀችው፤ በካፊኖኖ ነገራት፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔም በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሆዴን ማዳመጥ ትቻለሁ።

ስሰናበት ብዙ ነገር ልለው አስቤ ነበር። «አመሰግናለሁ» ብቻ ወጣኝ።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አለኝ። «ፈጥነሽ ስትናገሪ ነው ቦታ የሚጠፋሽ።»

ረቡዕ፣ የካቲት 7

አውቶቡስ። ጂማ ላይ ምሳ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ብቻዬን ሳጉረመርም ጸሎት መስሏቸው «አሜን» አሉኝ።

አዲስ አበባ፣ የአክስቴ ቤት። አክስቴ በአንድ ትሪ አቀረበችልኝ። እጄን ስሰድ ዓይኔ እንባ ሞላ። ናፍቆት ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ፈተናው አልቋል። ጽሑፉ ደህና ነበር። ማዳመጡ ፈጣን፣ ግማሹን በግምት። የቃል ፈተናውን ግን መጻፍ አለብኝ፤ ሳልጽፈው አልተኛም።

ሁለት ፈታኞች ናቸው፤ ጢማቸው የሸበተ ጀርመናዊና አንዲት ሐበሻ ሴት። ስገባ «ግሩስ ጎት» ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ወዳጆ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሳቁ፤ የእርሳቸው አያት ገጠር እንዲህ ይሉ ነበር አሉ። ራሴን አስተዋወቅኩ። ትልቁ ከሰል ከቦታው አልተነሳም። ሰውዬው ደስ ብሏቸው ከፈተናው ውጭ የሆነ ነገር ጠየቁኝ፦ «ቬር ኢስት ኢር ሌረር?» መምህርሽ ማነው?

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከየት እንደሆንኩ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የእኛን አገር ታውቅ ይሆናል አልኩ። ትጠይቀኝ ይሆናል አልኩ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና፣

«ማይን ማን ኢስት ማይን ሌረር» አልኩ። ባለቤቴ ነው መምህሬ።

ቃል አጥቼ ነው እንዳልል፣ «ከሰል ይሸጣል» የሚለውን ማክሰኞ ዕለት ያለ ስህተት ብዬዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም። እዚያ ክፍል ውስጥ እናቴ የለችም፣ እትዬ አስካለ የለችም። ወዳጆን ያስወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ከዚህ ሁሉ ሳምንት ድንጋጤ የዛሬው ይበልጣል፤ ምክንያቱም የደነገጥኩት በራሴ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 9

አለፍኩ።

በስልክ ነው የነገሩኝ። አድማሱ ጮኸ፣ አክስቴ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ይሆናል። ቪዛ፣ ከዚያ ትኬት፣ ከዚያ እርሱ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሁሉም የደስታ ነው አሉ።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ትናንት ገባሁ። እናቴ አቅፋ ሳመችኝ፣ «እንኳን አለፍሽ» አለች፣ አንገቴ ላይ አለቀሰች። ከዚያ እራት በሳህን አቀረበችልኝ። ዛሬ ጾም ቢገባም ሳህኑ አልቀረም። እኔም ምንም አልልም፤ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ?

ወዳጆ በሦስት ሰዓት ከሰል ይዞ መጣ። ከሥራ አስፈቅጄ ጠብቄዋለሁ። የጓሮውን በር ከፍቼ ወጣሁና አለፍኩ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ጥርሱ ታየ። «ምን ምን ጠየቁሽ?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት። «ሌላስ?»

እዚህ ላይ መተው እችል ነበር። አልተውኩም። «መምህርሽ ማነው አሉኝ። ባለቤቴ ነው አልኩ።»

ከሰሉን ማውረድ ጀምሮ ነበር፤ አልቆመም። አውርዶ ጨረሰ። ጆንያውን አራገፈ። 

«የሰጡሽ ወረቀት ላይ» አለ በመጨረሻ፣ «የመምህር ስም ይጻፋል?»

«አይጻፍም» አልኩ።

«እንግዲያው ምንም አልጎደለበትም» አለ። በመልካም ነው ያለው። ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁል ሄደ።

እናቴ ከማድቤት «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለች። ታውቃለች፤ ድምፁን ሰምታለች። እትዬ አስካለ በአጥሯ በኩል ልብስ እያሰጣች ነው።

«ከመምህሬ ጋር!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ በአማርኛ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። እትዬ አስካለ እጇ ላይ ያለውን ልብስ ይዛ ቀረች። የእናቴ ማማሰያ ድምፅ ቆመ።

ወዳጆ ያን ጊዜ መታጠፊያው ጋ ደርሶ ነበር። ዞር አላለም። ይስማው አይስማው አላውቅም።